ካንድሪያን መተካት፦ ኬትሊን ሎው በተጫወተችበት ሜዳ አሠልጣኝ ስትሆን

በጁን 2021 መጀመሪያ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ሶፍትቦል ቡድን በኦክላሆማ ሲቲ ሁለት ጨዋታ ተሸንፎ ወደ ቱሳን ተመለሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡድኑ የሄደው ወደ አሜሪካ የኮሌጅ ሶፍትቦል ትልቁ መድረክ፣ በየዓመቱ ስምንት ቡድኖች ብቻ ወደሚደርሱበት የሴቶች ኮሌጅ ወርልድ ሲሪስ ነበር። የሽንፈቱ ወሬ ሳይበርድ ዩኒቨርሲቲው ሁለት ዜና አከታትሎ አወጣ። ቡድኑን ከ1986 የውድድር ዘመን ጀምሮ የመሩት ማይክ ካንድሪያ ጡረታ ወጡ፤ በቦታቸውም ኬትሊን ሎው ተሾመች። ማስታወቂያ ወጥቶ፣ እጩዎች ከየአገሩ ተጠርተው፣ ሳምንታት ተቆጥረው የመጣ ሹመት አልነበረም። ተተኪዋ እዚያው ቢሮ ውስጥ ነበረች።

ሎው በዚያው ሜዳ ከ2004 እስከ 2007 ተጫውታ ሁለት ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆናለች። የተማረችበትን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ለማሠልጠን የተመለሰች የቀድሞ ተጫዋች ስትሾም ብዙ ሰው የሚያየው የስሜቱን ክፍል ነው፤ የድሮውን ማልያ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ፣ ስሟን የሚጠራውን ደጋፊ። እኔን የሳበኝ ሌላው ክፍል ነው። ሎውን ለዚህ ወንበር ያበቃት ከዝናዋ በኋላ በዝቅተኛ የሥራ መደብ ጀምራ ያሳለፈችው የዝግጅት ዘመን ነው ብዬ አምናለሁ። በወንበሩ ላይ ያቆያት ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ትዕግሥት ነው። ያ ትዕግሥት ባይኖር ኖሮ ጉዳዩ በሁለተኛው ዓመት ተዘግቶ ስለ እሷ ዛሬ የምንጽፈው በኃላፊ ጊዜ ይሆን ነበር።

እየሮጡ መምታት

ሶፍትቦል ለብዙ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ስፖርት ስለሆነ፣ ሎው ምን ዓይነት ተጫዋች እንደነበረች ለመረዳት ሜዳውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ኳስ ወርዋሪዋና መቺዋ የሚራራቁት 13 ሜትር ያህል ነው። ወርዋሪዋ ክንዷን ሙሉ ዙር አዙራ ኳሱን ከወገቧ በታች ትለቀዋለች፤ ጎበዝ ከሆነች ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። መቺዋ ልምታ ወይስ ልተው ብላ ለመወሰን የምታገኘው ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ከመታች በኋላ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ሯጯ ልትረግጠው ወደሚገባት የመሬት ላይ ምልክት፣ 18 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር መሮጥ አለባት። ተከላካዮቹ ኳሱን ከመሬት አንስተው ከእሷ በፊት ቤዙ ላይ ካደረሱት ተራዋ አበቃ ማለት ነው።

አብዛኞቹ መቺዎች እግራቸውን ተክለው፣ ጉልበታቸውን ሰብስበው ይመታሉ። የሎው ስልት ስላፕ የሚባለው ነው። ከመምቻው ሳጥኖች ለመጀመሪያው ቤዝ በሚቀርበው፣ በግራ እጅ መቺዎች በኩል ትቆማለች። ወርዋሪዋ ክንዷን ስታዞር የኋላ እግሯን ከፊተኛው አሳልፋ ሩጫ ትጀምራለች፤ ዱላዋ ኳሱን የሚያገኘው እሷ በመሮጥ ላይ እያለች ነው። አጥብቃ አትመታውም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ወደቆመችው ተከላካይ አቅጣጫ በመሬት ትሰደዋለች፤ ኳሱ አንዴ ሁለቴ እስኪነጥር እሷ መንገዱን አጋምሳለች። ተከላካይዋ ቀድማ ወደ ፊት ከተጠጋች ኳሱ በጎኗ ያመልጣል፤ ወደ ኋላ ከራቀች አንስታ ለመወርወር ጊዜ አይበቃትም። የሦስተኛው ቤዝ ጠባቂ ከተዘናጋች ደግሞ መቺዋ ዱላዋን አለዝባ ኳሱን ከፊቷ ጣል ታደርገዋለች። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስት ሰከንድ አይሞላም።

ስልቱ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ፍጥነት ብቻውን ግን አይበቃም። ስላፕ የምትመታ ተጫዋች ኳሱ ከመወርወሩ በፊት የእያንዳንዷን ተከላካይ አቋም ማንበብ፣ ማን ክብደቷን ወደ የትኛው እግር እንዳሳረፈች ማየት አለባት። በየጨዋታው ሦስትና አራት ጊዜ፣ ለአራት ዓመት ይህን ያደረገች ልጅ ሜዳውን በአሠልጣኝ ዓይን ማየት የምትለምደው በተማሪነቷ ነው። በመከላከሉም በኩል ሎው የምትቆመው በሜዳው ጀርባ መሐል ላይ፣ ጨዋታው ሁሉ ከፊቷ በሚታይበት ቦታ ነበር። በአራቱም የኮሌጅ ዓመታቷ በአገሪቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተመርጣለች፤ ይህ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ክብር ነው።

ዋናው አሠልጣኝ የሌሉበት የመጀመሪያ ዓመት

ሎው ከካሊፎርኒያ ወደ ቱሳን በመጣችበት የመጀመሪያ የውድድር ዘመን፣ በ2004፣ ካንድሪያ ከቡድኑ ጋር አልነበሩም። ለአቴንስ ኦሊምፒክ የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን ሊመሩ ፈቃድ ወስደው ነበር፤ ያ ቡድን 51 ነጥብ አስቆጥሮ አንድ ብቻ ተቆጥሮበት ወርቁን ወሰደ። በቱሳን ላሪ ሬይ በጊዜያዊነት ተክተዋቸው ሠሩ። ይህን ዝርዝር ያነሣሁት በኋላ ለሆነው ነገር ፍንጭ ስለሚሰጥ ነው። ሎው የአሪዞናን ቡድን ያወቀችው ካንድሪያ በሌሉበት እንኳ በራሱ ሥርዓት የሚንቀሳቀስ ሆኖ ነው።

ካንድሪያ ሲመለሱ የአሪዞና ጥሩ ዘመንም ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲው ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፤ በ2006 በፍጻሜው ኖርዝዌስተርንን አሸንፎ ሰባተኛውን ጨመረ። የ2007ቱ ፍጻሜ ከቴነሲ ጋር ሲሆን እስከ ዛሬ ይተረካል። ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ዋንጫውን የሚወስድበት ነበር። አሪዞና የመጀመሪያውን ጨዋታ 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሁለተኛውን መደበኛው ሰባት ዙር አልበቃው ብሎ በአሥረኛው ዙር 1 ለ 0፣ ሦስተኛውን 5 ለ 0 አሸነፈ። ወርዋሪዋ ታሪን ሞዋት በዚያ ውድድር በስምንት ጨዋታ 60 ዙር፣ 1,035 ኳስ ወርውራለች። ከሎው ጋር የተጫወተችው ሞዋትም ዓመታት አልፈው ወደ ቱሳን ተመልሳ በካንድሪያ ሥር የወርዋሪዎች አሠልጣኝ ሆናለች።

ስምንተኛው ዋንጫ ያ ነበር፤ እስከ 2025 ድረስም ለአሪዞና የመጨረሻው ነው። ሎው ዛሬ የምታሠለጥናቸው ልጆች ግድግዳ ላይ የሚያዩት የቅርቡ ሻምፒዮና እሷ ራሷ የተጫወተችበት ነው። ይህን ሸክም ሌላ ቦታ ተጫውቶ የመጣ አሠልጣኝ አይሸከመውም። ሌላው ሰው ከቀዳሚው አሠልጣኝ ጋር ብቻ ነው የሚወዳደረው፤ እሷ ከራሷ የተማሪነት ዘመን ጋርም ትወዳደራለች።

ቤጂንግ፣ ከዚያስ?

ኮሌጅ እንደጨረሰች በ2008 ወደ ቤጂንግ ኦሊምፒክ ሄደች፤ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ እንደገና ካንድሪያ ነበሩ። አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ የተካሄዱትን ሦስቱንም የኦሊምፒክ ሶፍትቦል ወርቆች ወስዳ ነበር፤ ወደ ፍጻሜው የገባችውም 22 የኦሊምፒክ ጨዋታ በተከታታይ አሸንፋ ነው። ጃፓን 3 ለ 1 አሸነፈቻት። የጃፓኗ ዩኪኮ ኡኤኖ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጨዋታ፣ 413 ኳስ ወርውራ ነበር። ሎው ወደ አገሯ የብር ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች።

ከሽንፈቱ ይልቅ የከፋው ከፍጻሜው በኋላ የሚጠብቃት ባዶነት ነበር። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2005 ሲንጋፖር ላይ ባደረገው ድምፅ አሰጣጥ ሶፍትቦል ከ2012 ጀምሮ ከኦሊምፒክ እንዲወጣ ወስኖ ነበር። ስፖርቱ ወደ ኦሊምፒክ ለመመለስ እስከ ቶኪዮ፣ ማለትም እስከ 2021 ድረስ ጠበቀ። በ23 ዓመቷ ሙያዋ ጫፍ ላይ ያለች ተጫዋች ትልቁ መድረክ ከእግሯ ሥር ተወሰደባት። ሎው በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ሊግ ለዓመታት ተጫወተች፤ የዚያ ሊግ ደመወዝ ግን ለብቻው ኑሮ የሚገፋበት አልነበረም። በዚያ ትውልድ ካሉ ታላላቅ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ወደ አሠልጣኝነት የገቡት ሙያውን ስለወደዱ ብቻ አይደለም። ከስፖርቱ ሳይለዩ ቋሚ ገቢ የሚያገኙበት በር የኮሌጅ አሠልጣኝነት ስለነበረ ጭምር ነው።

ከታች መጀመር

በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሎው ወደ አሪዞና ስትመለስ የያዘችው ሥራ የቡድኑን የዕለት ተዕለት ጉዳዮች የማስተባበር ነበር። አራት ጊዜ የአገር ምርጥ፣ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ባለቤት ናት። ሥራው ግን የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል ክፍል፣ የአውቶቡስ ሰዓት፣ የምግብ ትእዛዝ፣ የልምምድ መርሐ ግብር፣ የወጪ ደረሰኝ ነው። ቡድኑ ሌሊት ሲመለስ ማን የት እንደቀረ የምታውቀው፣ በማግስቱ ፈተና ያለባት ተማሪ ማን እንደሆነች የምትጠየቀው እሷ ናት።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ በጣም የማከብረው ይህን ክፍል ነው። አንድ የኮሌጅ ቡድን ከሜዳው ውጪ እንዴት እንደሚሠራ ተጫዋች አታውቀውም፤ ትኬቱ ተቆርጦ፣ ምግቡ ቀርቦ ነው የምታገኘው። ዋና አሠልጣኝ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ በጀት ከምትማር ይልቅ፣ ማንም በማያያት ጊዜ ተምራው መምጣቷ ይሻላል። ከዚያ ረዳት አሠልጣኝ ሆነች፤ ኋላም ተባባሪ ዋና አሠልጣኝ።

የተመለሰችበት ጊዜም ቀላል አልነበረም። አሪዞና በ2010 እስከ ፍጻሜ ደርሶ በዩሲኤልኤ (በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2019 ድረስ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ አልደረሰም። ቡድኑ በየዓመቱ ለአገር አቀፉ ውድድር ቢያልፍም ከመጨረሻዎቹ ስምንት ውስጥ መግባት አቅቶት ቆየ። ሎው የረዳትነት ዘመኗን ያሳለፈችው በዚህ ድርቅ ውስጥ ነው። ካንድሪያ ከ1,600 በላይ ጨዋታ ያሸነፉ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ለዓመታት በር ሲዘጋባቸው፣ ያንን ቀን ተቀን እንዴት እንደሚሸከሙት ከአጠገባቸው ሆና አይታለች። በ2019 እና በ2021 ቡድኑ ወደ ወርልድ ሲሪስ ሲመለስ ከአሠልጣኞቹ አንዷ እሷ ነበረች።

ሹመቱን ከጾታ አንጻር ሳላነሣው ማለፍ አልፈልግም። በ1972 ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ጾታን መሠረት ያደረገ ልዩነትን የመንግሥት ገንዘብ በሚደርስባቸው የትምህርት ተቋማት ሲከለክል፣ የሴቶች የኮሌጅ ስፖርት አደገ። ሕጉ ሲወጣ ከ90 በመቶ በላይ የሆኑት የሴቶች ቡድኖች በሴቶች ይሠለጥኑ ነበር። ሥራው ደመወዝ ያለው፣ የተከበረ ሙያ ሲሆን ወንዶች በብዛት ገቡበትና በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የሴት አሠልጣኞች ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። ካንድሪያ ለሴቶች ስፖርት ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ወንበሩ ያሳደጓት ሴት እጅ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ሴት ተጫዋቾች ይህ ሙያ ለእነሱም ክፍት መሆኑን የሚያምኑት ከፊታቸው ቆማ የምታዝዛቸውን ሴት ሲያዩ ነው።

ሁለት ዓመት፣ ሁለት ፊት

የመጀመሪያዋ የውድድር ዘመን፣ 2022፣ ለማንም ግራ የሚያጋባ ነበር። አሪዞና ያኔ ይወዳደርበት በነበረው ፓክ-12 ሊግ 8 ጨዋታ አሸንፎ 16 ተሸነፈ። ለአገር አቀፉ ውድድር ሲያልፍ በሜዳው የማስተናገድ ዕድል አላገኘም፤ ወደ ሚዙሪ ተልኮ በኮሎምቢያ ከተማ የተዘጋጀውን ምድብ አሸነፈ። ቀጥሎ ወደ ስታርክቪል ሄዶ ሚሲሲፒ ስቴትን በሁለት ተከታታይ ጨዋታ ረታ። በሊጉ ጭራ አካባቢ የነበረ ቡድን፣ በአዲስ አሠልጣኝ፣ ከቤቱ ውጪ ብቻ ተጫውቶ ኦክላሆማ ሲቲ ደረሰ። እዚያም ኦሪገን ስቴትን አሸንፎ ከሌሎቹ ሁለት ጨዋታዎች ተሸናፊ ሆኖ ወጣ።

በዚያ ሰሞን ብዙ ተመልካች የተተኪነቱ ጥያቄ ተመለሰ ብሎ ነበር። እኔ የ2022ን ውጤት የማነበው ከዚያ ለየት አድርጌ ነው። ቡድኑ በሜይ መጨረሻ ያሳየው ጽናት እውነተኛ ነበር፤ በሊጉ የተቆጠሩት 16 ሽንፈቶችም እንዲሁ እውነተኛ ነበሩ። ደስታው ሽንፈቶቹን ሸፈናቸው እንጂ አላጠፋቸውም።

በ2023 ሽፋኑ ተነሣ። ከቁልፍ ተጫዋቾቹ ወደ ተቀናቃኙ ዩሲኤልኤ የተዛወሩ ነበሩ፤ ከእነሱም አንዷ ከመቺዋ ጀርባ ሆና የወርዋሪዋን ኳስ የምትይዘው ዋናዋ ኳስ ተቀባይ ናት። የኮሌጅ ተጫዋቾች ዝውውር ሕግ ስለላላ፣ ዝውውር በአንድ ክረምት የሚያልቅ ነገር ሆኗል። አሪዞና 29 አሸንፎ 25 ተሸነፈ፤ ለአገር አቀፉ ውድድርም ሳይመረጥ ቀረ። ከ1987 ጀምሮ ውድድሩ በተካሄደባቸው ዓመታት ሁሉ ሳይቀር የተሳተፈ ቡድን ነው። ካንድሪያ ከ1987 ጀምሮ ያላዩትን ሎው በሁለተኛ ዓመቷ አየችው።

የቀድሞ ተጫዋች ሆኖ መመለስ የሚያስከፍለው ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በውጭ ሰው ዘመን የዚህ ተሳትፎ ሰንሰለት ቢበጠስ ደጋፊው «ይህ ሰው እኛን አያውቀንም» ብሎ ምክንያት ያገኛል። ሎው እንዲህ ልትባል አትችልም። ሰንሰለቱን አራት ቀለበት በገዛ እግሯ የጨመረችበት ናት። በሌላ በኩል ይኸው ማንነቷ ጊዜ የገዛላት ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲው አላሰናበታትም። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አጥብቄ እከራከራለሁ፦ በ2023 የጎደለው የተጫዋች ብዛትና የወርዋሪዎች ጥልቀት ነው፤ ይህ ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት በሚፈጅ የምልመላ ሥራ የሚሞላ ጉድለት ነው። አሠልጣኝን በዚያ መሐል መቀየር ምልመላውን ከዜሮ ማስጀመር ይሆን ነበር።

ሌሎች የተመለሱ

መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ዩሲኤልኤ ከሁሉም በላይ የራሱን ልጆች ያመነ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሱ ኤንኲስት እዚያው ተጫውታ እዚያው አሠለጠነች፤ በ2007 የተካቻት ኬሊ ኢኖዌ-ፔሬዝም የዩሲኤልኤ ኳስ ተቀባይ የነበረች፣ ከዚያም በረዳትነት ለረጅም ጊዜ የቆየች ናት። በ2010 አሪዞናን በፍጻሜው ያሸነፈው የእሷ ቡድን ነው፤ በ2019ም ዋንጫውን ደግማለች። ሚሺጋን በ2022 ካሮል ሃቺንስ ጡረታ ሲወጡ ወንበሩን የሰጠው ለቀድሞ ተጫዋቻቸውና ለረጅም ዘመን ረዳታቸው ለቦኒ ቶል ነበር። የአሪዞናም አሠራር ከዚህ ቤተሰብ ነው።

የጄሲካ አሊስተር መንገድ ግን የተለየ ነው። በስታንፎርድ ከ2001 እስከ 2004 ተጫውታ ወጣች፤ ሚኒሶታን ለሰባት የውድድር ዘመን በዋና አሠልጣኝነት መርታ፣ በ2017 ቡድኑን የአገሪቱ ቁጥር አንድ እስከመባል አድርሳ፣ ከዚያ ነው ወደ ስታንፎርድ የተመለሰችው። ስታንፎርድ ያኔ ወድቆ ነበር። በ2023 ወደ ወርልድ ሲሪስ ሲመለስ፣ ከ2004 ወዲህ፣ ማለትም እሷ ራሷ ተጫዋች ከነበረችበት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አሊስተር ስትመለስ ስህተቷን ሌላ ቦታ ሠርታ፣ ትምህርቷን ሌላ ቦታ ቀስማ ነው። ሎው በዋና አሠልጣኝነት የምትማረውን ሁሉ የተማረችው በሺህ የሚቆጠሩ የቱሳን ደጋፊዎች እያዩዋት ነው። ሁለቱን ሳነጻጽር የአሊስተርን መንገድ ለአሠልጣኟ፣ የሎውን መንገድ ለዩኒቨርሲቲው የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው ቡድኑን ለሚያውቅ ሰው አስረከበ፣ አሠልጣኟ ግን ተደብቃ የምትሳሳትበት ቦታ አላገኘችም።

ገንዘቡ ሲመጣ

በ2024 ቡድኑ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ተመለሰ፤ ወደ ፌይትቪል ሄዶ የአርካንሳስን ምድብ በአርካንሳስ ሜዳ አሸነፈ፣ ከዚያ በስቲልዋተር በኦክላሆማ ስቴት ተሸንፎ ቀረ። ያው ዓመት ፓክ-12 የፈረሰበት ነው። ዋና ዋናዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የቴሌቪዥን ገንዘብ ተከትለው ወደየአቅጣጫው ተበተኑ፤ አሪዞና ቢግ 12 ወደተባለው ሊግ ገባ። ሎው ተጫዋችም ረዳትም ሆና የምታውቀው ሊግ፣ ከዩሲኤልኤ ጋር የነበረው የየዓመቱ ፍልሚያ፣ የጉዞው መስመር፣ የተጋጣሚ አሠልጣኞች ልማድ፣ ሁሉም በአንድ ክረምት ተቀየረ። ወደ ቤቷ የተመለሰች አሠልጣኝ ቤቱ ሰፈር ሲቀይር አየች ማለት ይቻላል።

በ2025 አሪዞና በአዲሱ ሊግ የመጀመሪያ ዓመቱ 48 ጨዋታ አሸንፎ 13 ብቻ ተሸነፈ። የሊጉ የጥሎ ማለፍ ፍጻሜ ላይ ደረሰ፤ የጠበቀው ቴክሳስ ቴክ ነበር። የቴክሳስ ቴክ ወርዋሪ ኒጃሬ ካናዲ በ2023 እና በ2024 ስታንፎርድን፣ ያንኑ የአሊስተርን ቡድን፣ ወርልድ ሲሪስ ያደረሰች ተጫዋች ስትሆን፣ ወደ ቴክሳስ ቴክ የተዛወረችው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ስምምነት ነው። ቴክሳስ ቴክ አሸነፈ። ሎው በተማሪነቷ ስትጫወት የኮሌጅ ተጫዋች በስሟ አንድ ዶላር መቀበል ክልክል ነበር። በጁን 2025 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ከገቢያቸው ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲከፍሉ የሚፈቅድ የፍርድ ቤት ስምምነት ጸደቀ።

ለተጫዋቾቹ ገንዘቡ ይገባቸዋል፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም። የሎው ትውልድ ስታዲየም ሞልቶ፣ ቴሌቪዥን አስተላልፎ፣ ባዶ እጁን ነበር የሚሄደው። ለተመለሰች አሠልጣኝ ግን ዋናው መሣሪያዋ ተነክቷል። ሎው ወደ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ቤት ሄዳ «እኔ እዚህ ተጫውቻለሁ፣ እዚህ ሻምፒዮን ሆኛለሁ፣ ይህ ቦታ ምን እንደሚሰጥሽ አውቃለሁ» ማለት ትችላለች፤ ይህን ሌላ አሠልጣኝ አይለውም። ንግግሩ አሁንም ክብደት አለው። ሆኖም ከጎኑ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያስቀመጠው የገንዘብ መጠን አለ፤ የልጅቷ ወላጆች ደግሞ ሁለቱንም ይሰማሉ።

በዚያው ሜይ 2025 አሪዞና በሎው ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር አቀፉን ውድድር ምድብ በሜዳው አስተናገደ። ሜዳው በ1993 የተከፈተው የሂለንብራንድ ስታዲየም ነው፤ ዛሬ የመጫወቻው ሣር የማይክ ካንድሪያን ስም ይዟል። በሰሜን በኩል የሳንታ ካታሊና ተራሮች ይታያሉ፤ በዚያ ወቅት የቱሳን የቀን ሙቀት የበረሃ ነው። የምድቡን ፍጻሜ ያሸነፈው ኦል ሚስ (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) ሲሆን ከዚያ ተነሥቶ ኦክላሆማ ሲቲ ደረሰ። በራስ ሜዳ መሸነፉ ከየትኛውም ሽንፈት ይመርራል፤ ነገር ግን ሜዳው ላይ ለመሸነፍም አስተናጋጅ ለመሆን የሚያበቃ ዓመት ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ በ2023 ይህ ቡድን እቤቱ ተቀምጦ ውድድሩን በቴሌቪዥን ነበር ያየው።

ከ29 ድል ወደ 48 ድል የተሻገረው በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በመሐሉ ሊግ ተቀይሮ፣ በዚያችው አሠልጣኝ ሥር ነው። አሪዞና ቀጥሎ ማድረግ ያለበት ግልጽ ይመስለኛል፦ ጊዜ እንደሰጣት ሁሉ ለወርዋሪ ምልመላና ለተጫዋች ክፍያ የሚሆን ገንዘብም መስጠት። እስከ አሁን የሠራችው በአብዛኛው የሰጧትን ትዕግሥት ይዛ ነው፤ ካናዲን ከመሰለች ወርዋሪ ጋር በሊግ ፍጻሜ ለሚገናኝ ቡድን ትዕግሥት ብቻውን አይበቃም።